የራዌር አምባ

ፔንመሩን በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነበር። ከነጩ ግንብ ከተማ እስከ ወደቡ ድረስ፣ ድንጋይ ጠራቢውም ጀልባ ቀዛፊውም «የራዌር ሚስት ባል» ነበር የሚለው። ፊት ለፊት ደፍሮ የሚናገር የለም፤ ጀርባውን ሲሰጥ ግን ይሰማል። ጆሮው ለዚህች ቃል ብቻ የተፈጠረ ይመስል፣ በገበያ ጫጫታ መሀል እንኳ አታመልጠውም።

ራዌር ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። በዘመኑ ከእሱ የሚስተካከል መሬት መራጭ አልነበረም። ንጉሥ ቤተ መቅደስ ላሠራ ሲል፣ ሹም መቃብር ላስቀርጽ ሲል፣ መጀመሪያ የሚጠራው ራዌር ነው። ይመጣል፤ ጫማውን ያወልቃል፤ መሬቱን በባዶ እግሩ ይዞራል፤ ድንጋዩን በመዶሻ መታ መታ ያደርጋል። ከዚያ «እዚህ ነው» ወይም «እዚህ አይሆንም» ይላል፤ አለቀ። ፔንመሩ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የመለኪያውን ገመድ ተሸክሞ ተከትሎታል። ራዌርን ንዳድ ሲገድለው ሥራው ለፔንመሩ ተሰጠ። ከዓመት በኋላም መበለቲቱን ኢንቲን አገባና እሷው ቤት ገባ።

ጣጣው የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ራዌር ረጅም ሰው ነበር፤ ፔንመሩ አጭር ነው። ልብስ መስቀያው ችካል ለራዌር ቁመት የተተከለ ስለሆነ፣ ፔንመሩ ሽርጡን ለመስቀል በየማታው በእግሩ ጣት መንጠራራት ነበረበት። ነቅሎ ዝቅ አድርጎ መትከል ይችል ነበር። ግን ኢንቲ አይታ ምን ትላለች? ጎረቤትስ ምን ይላል? ተወው። በየማታው እየተንጠራራ፣ በየማታው እየተቃጠለ ኖረ።

አንድ ቀን የንጉሡ የግንባታ ሹም ኢመሪ አስጠራው። ኢመሪ ወፍራም፣ ቁጡ፣ ግን ቅን ሰው ነበር።

«ንጉሡ ከነገሠ ገና አራት ወሩ ነው» አለው። «ቢሆንም የዘላለም ቤቱ፣ የመቃብሩ ቦታ ከአሁኑ መመረጥ አለበት። ምን እንደሚፈለግ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ ጌታዬ። ከወንዙ በስተ ምዕራብ፣ ፀሐይ በምትጠልቅበት በኩል። ሙላት የማይነካው ከፍታ፤ ግን ወንዙ ሲሞላ ድንጋይ የጫነ ጀልባ እግሩ ሥር ድረስ የሚጠጋበት። ከሥሩ አንድ ወጥ አለት ያለው፤ ለመሙያ የሚሆን ድንጋይም እዚያው አጠገቡ የሚቆረጥ።»

«የአባቶቹ ፒራሚዶችም የሚታዩበት።»

«የሚታዩበት ጌታዬ።»

«ጥሩ። ራዌር፣ ነፍሱን ይማርና፣ የሰሜኑን አምባ ደጋግሞ ያነሣ ነበር። እሱን ቀድመህ እይልኝ።»

ፔንመሩ እጅ ነሥቶ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ጥርሱን ነክሶ ነበር። የሕይወቱ ትልቁ ሥራ በእጁ ገባ ባለበት ቅጽበት፣ ሟቹ እጁን ዘርግቶ ግማሹን ወሰደበት።

ቤት ሲደርስ ኢንቲ ጠላ ታጠልላለች። በማግስቱ የሙታን ቀን ነው፤ በየአሥር ቀኑ ለራዌር መቃብር ዳቦና ጠላ ይዛ ትሄዳለች። ፔንመሩ በሩ ላይ ቆሞ አያት። አንዴ አጠለለች። ከዚያ ጨርቁን አጥባ ደገመችው።

«ለእኔ አንዴ ነው የምታጠልይው» አላት። «ለሱ ሁለቴ።»

«አንተማ ስትጠጣ ገለባውን ትተፋለህ» አለች ቀና ሳትል። «እሱ በምን አፉ ይትፋው?»

ፔንመሩ አልሳቀም። ገብቶ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ዳቦና ሽንኩርት፣ የደረቀ ዓሣም አቀረበችለት። «በልተሻል?» አላት እንደ ልማዱ። «በልቻለሁ» አለች። «ሹሙ ለምን ፈለገህ?»

«ለንጉሡ የዘላለም ቤት ቦታ ምረጥ አለኝ።»

ፊቷ በራ። «የሰሜኑ አምባ አለልህ አይደል! ራዌር እኮ ስሙን ጠርቶ አይጠግብም ነበር። ‹ይሄ ገና ላልነገሠ ንጉሥ የተቀመጠ ነው› ይል ነበር።»

ፔንመሩ የቆረሰውን ዳቦ መልሶ አስቀመጠ።

«እስቲ በዚህ ቤት ውስጥ ራዌር ያላለው ነገር ካለ ንገሪኝ» አላት፤ «እሱን ብቻ ልናገር።»

ኢንቲ ተነሣች። ዓሣውን ሸፍና ወደ ጠላዋ ተመለሰች። ፔንመሩም ያን ጊዜ ቆረጠ፤ የሰሜኑን አምባ በዓይኑም አያየውም።

በሦስተኛው ቀን ገመድ ያዦቹንና ሽማግሌውን ድንጋይ ፈላጭ ኢዱን ይዞ ወደ ደቡቡ አምባ ወጣ። ኢዱ ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ አንድ ዓይኑን የድንጋይ ፍንጣሪ ያጠፋበት፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው። ከራዌር ጋር ያልወጣው ኮረብታ፣ ያልቆፈረው ጉድጓድ የለም።

ቦታው ሲያዩት ያምራል። ከታች ወንዙ ቀርቦ ይታያል፤ ቦይ ቢቀደድ ጀልባ እስከ እግሩ ይመጣል። ወደ ሰሜን ሲያዩ የቀድሞ ነገሥታት ፒራሚዶች በተርታ ይታያሉ። ላዩ ነጭ ድንጋይ ነው፤ በመዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የፔንመሩ ልብ ዘለለ። ‹ይሄን ራዌር አላየውም› አለ በሆዱ። ‹ይሄ የኔ ነው።›

ኢዱና ሰዎቹ መቆፈር ጀመሩ። ጉድጓዱ አንድ ሰው ቁመት ሲደርስ ድንጋዩ አሁንም ነጭና ጠንካራ ነው። ፔንመሩ እጁን አነሣ። «ይበቃል።»

ኢዱ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ በአንድ ዓይኑ ሽቅብ አየው። «ምኑ ነው የሚበቃው? ሦስት ሰው ቁመት ነው እንጂ። ደግሞ በሦስት ቦታ። እንዲህ ነው የምናውቀው።»

«ይበቃል አልኩ፣ ጋሽ ኢዱ። ድንጋዩ አይታይህም?»

«የሚታየውማ ይታየኛል። እኔ የምልህ ስለማይታየው ነው።»

ፔንመሩ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። ሰዎቹ መሮና መዶሻቸውን ሰበሰቡ። እሱም ጠለቅ ብሎ መቆፈር እንዳለበት ያውቅ ነበር። ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ አሥራ ሁለት ዓመት ያየው ነገር ነው። ግን ቆፍሮ መጥፎ ነገር ቢያገኝስ? የሚቀረው የሰሜኑ አምባ ብቻ ሊሆን ነው። ስለዚህ ማወቁን አልፈለገውም።

ለሹሙ የደቡቡ አምባ ምርጥ ነው ብሎ ነገረው።

«የሰሜኑስ?» አለ ኢመሪ።

«አየሁት ጌታዬ። ከወንዙ ይርቃል።»

እግሩ እንኳ አልረገጠውም ነበር።

ካህናቱ ቀኑን ወሰኑ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ ንጉሡ ራሱ መጥቶ ገመዱን ይዘረጋል፤ ካስማውን ይተክላል። ዳቦ መጋገሪያ ተሠራ፤ የሠራተኛ ማደሪያ ተሠራ፤ ከወንዙ ቦይ ይቀደድ ጀመር። እነዚያ ቀናት ለፔንመሩ የማር ቀናት ነበሩ። በመንገድ ሲያልፍ ሰው ይነሣለታል። አንድ ጀልባ ቀዛፊ «ጤና ይስጥልኝ፣ መራጩ!» ብሎ ጮኸለት። መራጩ! ለኢንቲ ነገራት፤ በማግስቱም አዲስ ነገር ይመስል ደገመላት። እሷም ፈገግ አለችለት። ‹እንግዲህ ከአፏ የራዌር ስም ሊወጣ ነው› ብሎ ሲጠብቅ አልወጣም። በሙታን ቀን ግን ማሰሮዋን አንሥታ ወደ መቃብሩ ሄደች። ፔንመሩ እስክትመለስ ድረስ ደጃፉ ላይ ቆሞ መንገድ መንገዱን ሲያይ ዋለ። ቆየች መሰለው። እዚያ ምን ታወራለች? እሱ ለሚመልስላት ነገር ጆሮዋን ትሰጣለች፤ የኔን ግን ከድስቱ ጋር እያማሰለች ነው የምትሰማው፣ እያለ ተብከነከነ።

አንድ ጠዋት ኢዱ በቅጠል የጠቀለለውን ነገር ይዞ መጣ። ፔንመሩ ከገመድ ያዦቹ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። ኢዱ ቅጠሉን ገለጠው። አረንጓዴ የመሰለ፣ ያበጠ፣ እንደ ራሰ ዳቦ የሚፈረፈር ጭቃ ነው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ድንጋይ የሚጎተትበትን መወጣጫ ስንቆርጥ ያገኘነው ነው። ነጩ ድንጋይ ሁለት ሰው ቁመት ሄዶ ያልቃል፤ ከሥሩ ይሄ ነው። ትናንት ስቆርጠው ድንጋይ ነበር። ውኃ አፈሰስኩበትና አሳደርኩት። ይኸውልህ።» ጣቱን ሲጭንበት ጣቱ ሰጠመ። «እዚህ ላይ ነው ተራራ የምታስቀምጠው?»

ፔንመሩ ጭቃውን በቅጠሉ መልሶ ሸፈነው። «ዳር ዳሩ ላይ ብቻ ይሆናል።»

«መሀሉን አላየነውማ። አላስቆፈርከንም።»

«ጋሽ ኢዱ፣ ያገኘኸውን ድፈነውና መወጣጫውን ወዲያ አዙረው።»

«እኔ ልድፈን?» ኢዱ ሳቀ፤ ሳቁ ደስ አይልም። «ልጄ፣ ድንጋዩ ሲጫነው፣ አንድ ዓመት ዝናብ ሲጥል፣ ይሄ ይንሸራተታል። ሥሩ ያለው ሰው ደግሞ ያልቃል። ራዌር ቢሆን ኖሮ…»

«ራዌር ሞቷል!» ፔንመሩ ጮኸ። ገመድ ያዦቹ ዞረው አዩት። «ሞቷል! በእጄ ቀብሬዋለሁ! ሁላችሁም ሟች ነው የምታመልኩት?»

በዚያው ቀን ኢዱን ወንዝ ማዶ ወዳለው ድንጋይ መቁረጫ ሰደደው። ጉድጓዱም ተደፈነ።

ከዚያ በኋላ ምግብ አልወርድለት አለ። በሚራመድበት ሁሉ መሬቱ የሚሰጥም ይመስለዋል። ያም ሆኖ ለሹሙ እውነቱን ለመናገር ሲነሣ፣ የሰው ሁሉ አፍ አንድ ላይ ተከፍቶ «ራዌር እኮ ብሎ ነበር» ሲል ይሰማዋል። ይመለሳል። ሰው ቢያልቅስ? ይነሣል። እንደገና ያን ድምፅ ይሰማል፤ እንደገና ይቀመጣል።

ኢንቲ ነገሩን ወንዝ ዳር ልብስ ስታጥብ ከኢዱ ሚስት ሰማች። ቤት ገብታ አልጮኸችም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ፔንመሩ ግቢው ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ ጎድጓዳ የሸክላ ሳህን፣ መቃ ብዕርና ቀለም አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች።

«ጻፍልኝ» አለችው።

«ለማን?»

«ለራዌር።»

እንዲህ ያለ ነገር በአገሩ አዲስ አይደለም። ችግር የገባው ሰው ጉዳዩን በሳህን ላይ ያስጽፍና፣ ምግብ ሞልቶበት የሟች ዘመዱ መቃብር ላይ ያኖረዋል። ሟቹ ምግቡን ሲጨርስ ጽሑፉ ይወጣለታል፤ ያነበዋል። ፔንመሩ ግን ጆሮውን አላመነም።

«የመንደሩ ጸሐፊ የት ሄደ?»

«የቤቴን ገመና ለጸሐፊ ልዘርግፍ? አንተ ባሌ አይደለህም? መጻፍስ አትችልም?»

ብዕሩን አነሣ። በቀለሙ ነከረው። ኢንቲ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጀመረች።

«‹ኢንቲ ለባሏ ለራዌር የምትናገረው ነው።›»

«ለቀድሞ ባሏ።»

«ያልኩህን ጻፍ። ‹እንዴት ነህ? ምዕራቡ እንዴት ይዞሃል? ዳቦህን አላጓደልኩብህም። ጠላህን ሁለቴ አጥልዬ ነው የማመጣልህ፤ ይህን አንተም ታውቃለህ።›»

ፔንመሩ ጻፈ። እያንዳንዷን ፊደል በጥርሱ እየነከሰ የሚያወጣት ይመስል ነበር።

«‹አንተ በሕይወት ሳለህ ቤትህ የምትገባው በወር አንዴ ነበር። የየኮረብታውን ድንጋይ በእግርህ ታውቀዋለህ፤ የኔን ፊት ግን አታውቀውም ነበር። ሁለት ልጅ ቀበርኩ፤ ሁለቱንም ስቀብር አንተ ለሹማምንት መቃብር ቦታ ታማርጥ ነበር።›»

ብዕሩ ቆመ። ፔንመሩ ቀና አለ። «ይሄንን ነግረሽኝ አታውቂም።»

«መቼ ጠየቅከኝ? አንተ የምትጠይቀኝ እሱ ስለ ሥራው ምን ይል እንደነበረ ነው። ጠይቀኸኝ ስመልስልህ ደግሞ ታኮርፋለህ። ጻፍ።»

ጻፈ።

«‹አሁን ያገባሁት ሰው ማታ ሲገባ በልተሻል ወይ ይለኛል። አንተ ብለኸኝ አታውቅም። ይሄ ሰው ደግ ነው፤ ግን አንተን ይፈራሃል። ካንተ ጋር ሩጫ ይዟል። አንተ ቆመሃል፤ እሱ ብቻውን ይሮጣል። ያንተን ቃል ላለመስማት ብሎ መጥፎ መሬት መረጠ። የነገረውን ሽማግሌ ወንዝ ማዶ ሰደደው።›»

«ኢንቲ…»

«‹እዚያ መሬት ላይ የስንት እናት ልጅ ሊቀበር ነው። ራዌር፣ እባክህ ከደጃችን ዞር በልለት። ሰውዬው ራሱን ይሁን። ዞር ካላልክለት ግን ዳቦውም ጠላውም ይቀርብሃል፤ በአምላካችን በፕታህ እምላለሁ።› ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«አንብብልኝ።»

ፔንመሩ ሳህኑን እያዞረ ማንበብ ጀመረ። የልጆቹ መቀበር ጋ ሲደርስ መሥመሩን ሁለት ጊዜ አነበበው። ‹ብቻውን ይሮጣል› የሚለው ጋ ሲደርስ ጨርሶ አቃተው፤ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ኢንቲ አላባበለችውም። ሳህኑን አንሥታ ዳቦና የተጠበሰ ዳክዬ ሞላችበትና ወደ መቃብሩ ሄደች።

በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ፔንመሩ የውኃ ስልቻ ይዞ ብቻውን ወደ ሰሜኑ አምባ ወጣ። የራዌር ጉድጓዶች ሦስቱም እዚያው ነበሩ፤ አሸዋ እንዳይሞላቸው በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድነዋል። ክዳኑን ገፍትሮ ጎኑ ላይ በተቆረጠው የእግር መርገጫ እየተንጠለጠለ ወደ መጀመሪያው ወረደ። ሦስት ሰው ቁመት ሙሉ። በመዶሻው ታቹን መታው፣ ጎኑን መታው፣ በጥፍሩ ፋቀው። ውኃ አፈሰሰበትና ወጥቶ ወደ ሁለተኛው ሄደ፤ ከዚያም ወደ ሦስተኛው።

እውነት ለመናገር፣ ያን ቀን ሙሉ ሲፈልግ የዋለው ነውር ነው። አንዲት ስንጥቅ። አንዲት የጭቃ ሥር። «ሰውዬው እዚህ ላይ ተሳስቷል» የሚያሰኝ አንዲት ነገር። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ተመልሶ ወደ መጀመሪያው ጉድጓድ ወረደ። ድንጋዩ ውኃውን ጥቂት ጠጥቶ፣ የቀረውን እንዳለ አቁሮታል። አላበጠም፤ አልተፈረፈረም። እንደ ጠዋቱ ነጭ ነው።

«አንተ የተረገምክ» አለ ፔንመሩ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ፤ «ልክ ነበርክ።»

ቤቱ ሳይገባ በቀጥታ ወደ ኢመሪ ሄደ። ሹሙ እራት ላይ ነበር። ፔንመሩ ተንበርክኮ ሁሉንም ተናገረ። የአንድ ሰው ቁመቱን ጉድጓድ፣ ጭቃውን፣ ኢዱን መስደዱን፣ የሰሜኑን አምባ ሳያይ አየሁ ማለቱን።

ኢመሪ እጁ ላይ የያዘው የዝይ ሥጋ ወደቀ። «ስንት መጋገሪያ እንዳሠራሁ ታውቃለህ? ቦዩ ግማሽ መድረሱን ታውቃለህ? ለንጉሡ ጆሮ ምን ብዬ ነው የማቀርበው?»

«መራጩ ዋሸኝ ይበሉ ጌታዬ።»

«ለምን? ያን አምባ ያላየኸው ለምን እንደሆነ ንገረኝ። ምን አደረገህ?»

ፔንመሩ ወለሉን አየ። «ራዌር የመረጠው ስለሆነ ነው» አለ።

ሹሙ እጁን ጠረገ። የሚስቁ አሽከሮች ነበሩ፤ በዓይኑ ዝም አሰኛቸው። ከዚያ ቅጣቱን ተናገረ። አርባ ዱላ፤ ከመራጭነት መሻር። ድንጋይ ሳይቀመጥ ስለተናገረ ግን ከሥራው አይባረርም፤ አዲስ የሚሾመው መራጭ ሥር ሆኖ ገመድ ይይዛል፤ እንደ ድሮው።

ዱላውን ቀመሰ። አምስት ቀን በሆዱ ተኝቶ ኢንቲ ጀርባውን ዘይት ትቀባው ነበር። ኢዱ ከወንዝ ማዶ ተመልሶ ሊጠይቀው መጣ፤ በሩ ላይ ቆሞ «መራጩ፣ ጀርባህንም አንድ ሰው ቁመት ብቻ ነው የቆፈሩት?» አለና ፔንመሩ ሕመሙን ረስቶ ሳቀ። ከዚያ ሽማግሌው አጠገቡ ተቀምጦ ብዙ ቆየ፤ ስለ ነገሩ ግን ዳግመኛ አላነሣም።

ካህናቱ አዲስ ቀን ቆረጡ። መጋገሪያው ፈርሶ ወደ ሰሜን ተዛወረ፤ አዲስ ቦይ ተቀደደ። ንጉሡ መጥቶ ገመዱን ሲዘረጋ፣ የሩቁን ጫፍ ከያዙት ሰዎች አንዱ ፔንመሩ ነበር። አዋጅ ነጋሪው ቦታውን ማን እንዳገኘው ሲናገር የራዌርን ስም ጠራ። ሠራተኛው ሁሉ እልል አለ። ፔንመሩም አብሮ እልል ሊል አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ቅናቱ አልሞተም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ ቦታውን «የራዌር አምባ» ማለት ጀመረ፤ ፔንመሩም ለዓመታት በየጠዋቱ ወደ ራዌር አምባ ሥራ ወጣ፤ ከራዌር አምባ ተመለሰ። አንዳንድ ቀን ስሙ እንደ እሾህ ይወጋዋል፤ አንዳንድ ቀን ሰምቶት ያልፋል። የሚያልፍባቸው ቀናት እየበዙ መጡ።

በሁለተኛው ዓመት፣ የመጀመሪያው የድንጋይ ተርታ በተቀመጠ ሰሞን፣ ኢንቲ ምሳ ይዛ ወደ አምባው ወጣች። ትንፋሿ እየተቆራረጠ ደርሳ፣ ዘንቢሉን አስቀምጣ፣ ዙሪያውን አየች። ወንዙን፣ የቴምር ዛፎቹን፣ በስተ ደቡብ ያለውን ከተማ።

«እንዲህ ያምር ኖሯል?» አለች።

«አይተሽው አታውቂም እንዴ?» ፔንመሩ ደንግጦ ጠየቃት። «እሱ አላመጣሽም?»

«እኔን? እዚህ?» ሳቀች። «ማን ያመጣኝ ነበር?» ከዚያ በእጇ ፀሐይዋን ከልላ ወደ ታች ተመለከተች። «ቤታችን የቱ ጋ ነው?»

ፔንመሩ ከኋላዋ ቆመ። ክንዱን በትከሻዋ ላይ አሳልፎ ከወደቡ ጀምሮ በጣቱ መራት፤ ከረጅሙ ዛፍ ቀጥሎ፣ ከቦዩ ወዲህ፣ ነጭ ጣራ ያለው። እሷ ለመጀመሪያ ጊዜ አላየችውም፤ እንደገና አሳያት። ኢዱ ከታች ሆኖ «ገመዱን ማን ይያዝልኝ?» እያለ ይጮኻል፤ እሱ ግን ቤቱን እስክታየው ድረስ አልሄደም።